ጋሽ ማርሽ እጃቸው ላይ የተቀመጡባት እሁድ

ሳክስፎን በሚነፋበት አዳራሽ ሁሉ፣ ጣሪያው ያፍስም አያፍስም፣ አንድ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፦ ከነፊው ይልቅ የሚደክመው ተመልካች። ቦታው ፊተኛው ረድፍ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤቱ ቢያስል በግልምጫ ያደርቀዋል፤ እሱ ግን በየመሃሉ «ወይኔ አንጀቴ!» እያለ ይጮኻል። ጃዝ ምን እንደሆነ ላልጠየቀው ያብራራል፤ ለጠየቀው ደግሞ «ይሄ አይጠየቅም፣ ይሰማል» ብሎ አንገቱን ያስደፋዋል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል አንባቢ ካለ፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ ነው።

የኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ማርሽ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው አዳራሹ ነው፤ እሳቸውም ከነሙሉ ክብሩ እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ባለቤታቸውን ግን «አንቱ» አንላትም። ይህን ሁሉ የምናየው ከእሷ ጎን ተቀምጠን ነው፤ አጠገቡ ተጣብበው የተቀመጡበትን ሰው አንቱ ማለት ደግሞ ይከብዳል።

የጋሽ ማርሽ ሥራ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። የማስተማሪያ መኪና በተማሪው በኩል ያለው ፍሬን በአስተማሪውም በኩል አለው፤ ጋሽ ማርሽ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሌላ ሰው ሲነዳ እሳቸው ፍሬን በመያዝ ነው። ስለዚህ ቀኝ እግራቸው ከሥራ ወጥቶ አያውቅም። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ፈጠን ካለች መሬቱን ይረግጣሉ። ሊፍት ውስጥ ይረግጣሉ። አንድ ጊዜ የባለቤታቸው እህት አዲስ የተወለደ ልጇን ስታሳያቸው ሕፃኑ ድንገት ቢያዛጋ፣ ጋሽ ማርሽ በደመ ነፍስ ፍሬን ይዘዋል።

አዳራሽ ሲገቡ ታዲያ ሙዚቃውንም የሚሰሙት በመንጃ ፈቃድ ነው። ሳክስፎኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ማርሽ ቀየረ!» ይላሉ። ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሲወርድ «ቁልቁለት ገባ፣ በሞተር ይዞታል» ይላሉ። ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው እጥፍ ሲል ደግሞ ተቆጥተው «ፍሬቻ ሳያሳይ!» ይላሉ፤ ቁጣው ግን የአድናቆት ነው። ባለቤታቸው ከኋላ ጃኬታቸውን ይዛ ወደ ወንበሩ ትመልሳቸዋለች። የዚያ ጃኬት ወገብ እሷው በምትጎትተው እየተተረተረ፣ እሷው ስትሰፋው ኖራለች።

እሷ መድኃኒት ቤት አላት። ጃዝ አትወድም። ለእሷ ሳክስፎን ማለት ጉሮሮው የቆሰለ ሰው በመስኮት በኩል የሚያቀርበው አቤቱታ ነው፤ ሲጀምር ጀምሮ ምን ልስጠው እያለች ታስባለች። ታዲያ ለምን እሁድ በመጣ ቁጥር ትሄዳለች ቢሉ፣ አዳራሹ ለጣሪያ ጥገና ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ያየችውን እሷ ታውቃለች። ባልየው እሁድ ከሰዓት ቤት ዋሉ። ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ቆመው «ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ነዳጅ ስጪው» አሏት። በሚቀጥለው እሁድ ተረኛ ሆና መድኃኒት ቤት ስትውል ተከትለዋት መጡና፣ ሳል ይዞት የመጣ ደንበኛ ደረት ላይ ጆሯቸውን ደቅነው «ይሄ ገና ማርሽ ይቀይራል» ብለው ሰውየውን አስደንግጠው መለሱት። ያን ጊዜ በልቧ ማለች፦ ያ አዳራሽ ከእንግዲህ ቢዘጋ እኔ በቆርቆሮ አልብሼ እከፍተዋለሁ።

አሁን ስለ ጭብጨባው እንናገር፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። በሌላ ሙዚቃ ጭብጨባ ቀላል ነው፤ ሲያልቅ ይጨበጨባል። ጃዝ ላይ ግን በዜማው መሃል አንዱ ብቻውን ፊት ወጥቶ እንደ ልቡ ይጫወታል፣ ሶሎ ይሉታል፣ እሱ ሲጨርስ ዜማው ሳያልቅ ይጨበጨብለታል። መቼ ነው የጨረሰው? ይህን የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። ባለፎቅ ነጋዴውም፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያንኮራፋው የጥርስ ሐኪምም፣ ሁሉም አንገቱን ሰገግ አድርጎ የሚያየው ጋሽ ማርሽን ነው። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ ያጨበጭባል። ሕጋቸውንም ለሁሉም አስተምረዋል፦ «መውጣቱ አያታልልህ፣ መውረዱም አያታልልህ። ዞሮ ዞሮ መጥቶ ቤቱ በር ላይ ፓርክ ሲያደርግ፣ ያኔ!»

ፓርኩን የሳቱበት ጊዜ አልነበረም ማለት አይደለም። አንድ እሁድ ሳክስፎን ነፊው በመሃል አቋርጦ፣ መሣሪያውን ዘቅዝቆ ምራቁን ሲያራግፍ፣ ጋሽ ማርሽ እንባ እያነቃቸው «ዝምታውን ሰማሽው? ዝምታውን!» ብለው አጨበጨቡ። አዳራሹም ብድግ አለ። ነፊው መሃረቡን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ እጅ ነሣ።

ይህን ነፊ አድናቂዎቹ «ሊቁ» ይሉታል። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፀጉሩ የሸሸ፣ ግትርነቱ ግን ያልሸሸ ሰው ነው። ካስተማረው ሰው የወረሰው አንድ እምነት አለው፦ ያልተጨበጨበለት ሶሎ አላለቀም። ተመልካቹ በቃህ እስኪለው ድረስ የማቆም መብት የለኝም ይላል። እንግዲህ ሊቁ የሚያቆመው ጋሽ ማርሽ ሲያጨበጭቡ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ሳይባባሉ አዳራሹን እንዲህ ለሁለት ሲያስተዳድሩት ኖሩ። ይህን ግን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እነሱም ጭምር።

ከዕለታት አንድ ቀን የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መድኃኒት ቤት ድረስ መጣ። ታማሚ ክፍል የገባ ይመስል ሁልጊዜ በሹክሹክታ የሚናገር ቀጭን ሰው ነው። ደንበኞች እስኪወጡ ጠብቆ፣ ማዳመጫ ከኪሱ አወጣና ጆሮዋ ላይ አደረገላት። የሊቁ ሳክስፎን ነው። ወጣ፣ ወጣ፣ ልክ ጫፍ ሲደርስ «ማርሽ ቀየረ!» የሚል ድምፅ ጣልቃ ገባ፤ ተከትሎም የሴት ድምፅ፦ «ተቀመጥ አንተ ሰውዬ!» መድኃኒት መደርደሪያው ላይ እንዳለው ጠርሙስ ደርቃ ቀረች።

«የሙከራ ቅጂ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የፊታችን እሁድ የሊቁ አልበም ከነተመልካቹ ይቀረጻል። ባለሙያው የጋሼን ድምፅ ለማውጣት ሞከረ፤ ሳክስፎኑም አብሮ ይወጣል አለ። እመቤቴ፣ ጋሼን በጣም እንወዳቸዋለን፣ ነገር ግን…»

«በል ተወው፣ ‹ነገር ግን› ያለበት መውደድ መድኃኒት የለውም» አለችው።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል። አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ፣ ጭብጨባም ቢሆን ቀድመው ከጀመሩ፣ የሳቸው ጭብጨባ ሳንቃ ሲወድቅ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ወዲያ በራችንን አይረግጡም። ወስነናል። ካልሆነም ቀድሞውኑ ይቅሩ።»

«ጭብጨባውን ማን ሊጀምረው ነው ታዲያ?»

«ሰው ነዋ!» አለ፣ ጥያቄው አስገርሞት። «ሲያልቅ ሰው ራሱ ያጨበጭባል። እርስዎ ብቻ ዋስ ይሁኑልኝ።»

አሰበች። የሽንኩርቱ እሁድ ታወሳት፤ ባለሳሉም ደንበኛ። ከዚያም በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየት፦ እሁድ ጠዋት ባልየው ጫማቸውን ሲጠርጉ። በሌላ ቀን ጫማ አይጠርጉም። ጎንበስ ብለው እያፏጩ ሲጠርጉ ጀርባቸው የሃያ ዓመት ልጅ ይመስላል። ያ ነገር ከቤቷ እንዲጠፋ አልፈለገችም።

«ዋስ ነኝ» አለች።

ጋሽ ማርሽ ሲነገራቸው መጀመሪያ ተኮፈሱ። «እኔ ነኝ የማስቸግረው? ያ የጥርስ ሐኪም ሲያንኮራፋ አይቀዳም?» አሉ። ከዚያ እራት አልበላም አሉ፣ ከዚያ በሉ። በመጨረሻ ሰሃኑን ገፋ አድርገው፣

«ዋስ ሆነሽልኛል?» አሏት።

«ሆኛለሁ።»

«በኔ?»

«ታዲያ በማን? ሞኝነቴ ነው እንግዲህ።»

«አላዋርድሽም» አሉ። «እጄ ላይ እቀመጣለሁ።»

ልምምድም ጀመሩ። የሊቁን የድሮ ሙዚቃ ከፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ከመቀመጫቸው ሥር ወትፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ይሰማሉ። ግንባራቸው ላይ የደም ሥር ይገተራል። ታች ያሉት ጎረቤት ወጥተው «ቤታችሁ ውስጥ ማገር የሚመታ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ የጋሽ ማርሽ ፍሬን ነበር። ከዚያ በኋላ እግራቸው ሥር ትራስ ተደረገ።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን እንደ ሸንበቆ በቅሏል። ሥራ አስኪያጁ ከመድረኩ ጥግ፣ ከመቅረጫው አጠገብ ቆሞ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ባለቤታቸው ከመደርደሪያዋ ትልቁን የጉሮሮ ከረሜላ መርጣ ይዛ መጥታ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ጨመረችላቸው። ትራሱንም በፌስታል አምጥታ እግራቸው ሥር አደረገች። ጋሽ ማርሽ እጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ ዙፋን ላይ የወጣ ንጉሥ እንኳ እንደዚያ አይኮራም።

የመጀመሪያው ዜማ ተጀመረ። ሊቁ ፊት ወጣ። ነፋ። የዚያን ዕለት እውነትም ነፋ፤ የጉሮሮ ሕመም የሚመስላት ሴትዮ እንኳ አንዴ ቀና አለች። ወጣ፣ ወጣ፣ ማርሽ ቀየረ፤ ጋሽ ማርሽ ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወሩ። ወረደ፣ ታጠፈ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈ፤ ትራሱ ተረገጠ። ከዚያ ዞሮ ዞሮ መጣና፣ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረገ።

አዳራሹ ወደ ጋሽ ማርሽ ዞረ። ጋሽ ማርሽ እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አሃ፣ ገና ነው» አለ አዳራሹ በልቡ።

ሊቁ በአንድ ዓይኑ ተመልካቹን ቃኘ። ጭብጨባ የለም። እንግዲህ አላለቀም። ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ተነሣ።

ወጣ። ወረደ። ዞሮ መጥቶ ፓርክ አደረገ። ጋሽ ማርሽ እጃቸው ላይ ናቸው። ሊቁ እንደገና ተነሣ።

በሦስተኛው ዙር ከበሮ መቺው አንዱን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ በአንድ እጁ መምታት ጀመረ። ፒያኖ ተጫዋቹ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ በላ። አንዲት እናት ልጇን ሽንት ቤት አድርሳ መጣች፤ ሊቁ ያው ዳገት ላይ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ነቃና ጎረቤቱን «የቱ ዜማ ነው?» ቢለው «ያው ነው» አለው፤ ሐኪሙ በአድናቆት ራሱን ነቅንቆ ተመልሶ ተኛ። ከኋላ ረድፍ «ታሪክ እየተሠራ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ደስታው ፊቱን ሞልቶት፣ ጣቱን ከከንፈሩ ሳያነሣ በሌላ እጁ ዕንባውን ይጠርጋል።

ሙዚቃውን ሳይሆን ሰውየውን የምታየው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የሊቁ ጆሮ ቀላ። ቀጥሎ አንገቱ። ቀጥሎ ከንፈሩ አካባቢ የመጣው ቀለም፣ ባንኮኒዋ ፊት የቆመ ሰው ላይ ብታየው ወንበር የምታቀርብለት ዓይነት ነው። ደግሞስ የሰውየውን የደም ግፊት ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ኪኒኑን ለዓመታት የሸጠችለት እሷ ናት። «በባዶ ሆድ እንዳትውጠው፣ ደረጃም አታብዛ» እያለች።

ወደ ባሏ ጆሮ ተጠጋች። «አንተ፣ አላለቀም እንዴ?»

ጋሽ ማርሽ ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ከረሜላውን በምላሳቸው ገፋ አድርገው፣ ትንፋሽ በሚያክል ድምፅ፣ «ሦስቴ ፓርክ አድርጓል» አሉ። «ሦስቴ! ሲያልቅ አያምር ሆነበት፣ እዘኚለት።»

«አጨብጭብለታ እንግዲህ! ይሞትብሃል!»

«ዋሴ ነሽ» አሉ። «አላዋርድሽም።»

ማጣፊያው አጠራት። ያጨበጨቡ እንደሆነ በሩ በላያቸው ላይ ይዘጋል፤ ሁለተኛ እሁድ ጠዋት ጫማ አይጠረግም። ካላጨበጨቡ ሊቁ ከነሳክስፎኑ መድረኩ ላይ ይደፋል። ባልየው ደግሞ፣ በሕይወታቸው ሰምተዋት የማያውቁት ሰውዬ፣ ተቀመጥ ስትላቸው ተቀምጠው የማያውቁት ሰውዬ፣ ዛሬ፣ ለእሷ ክብር ብለው፣ የሚያመልኩት ሰው ፊታቸው ሲፈነዳ እያዩ እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተናደደች። ደግሞም ወደደቻቸው። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡባት የቱን ማስቀደም እንዳለባት ግራ ገባት።

ሊቁ አንድ እጁን ፒያኖው ላይ ተደግፎ አራተኛውን ዳገት ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ጉልበቱም አብሮ።

ጧ!

እሷ ናት። በመድኃኒት ቤት እጇ፣ ዱቄት ከመዳፏ እንደምታራግፍ አድርጋ፣ ብቻዋን አጨበጨበች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አዳራሹ ወደ ጋሽ ማርሽ ዞረ፤ እጃቸው መቀመጫቸው ሥር ነው። ወደ እሷ ዞረ። የሥራ አስኪያጁ ጣት ከከንፈሩ ላይ ወደቀ። ማንም አላገዛትም፤ እሷ ግን ፊቷ እየነደደ፣ ቆማ ማጨብጨቧን ቀጠለች። አቁማ ብትቀመጥ ሊቁ ዳገቱን እንደሚቀጥል አውቃለች።

ያኔ ከረሜላው ከጋሽ ማርሽ አፍ ተስፈንጥሮ ወጣ።

«ገና ነበር!» ብለው ጮኹ። «ዳገት ላይ እኮ ነው! በር ላይ ሲደርስ አላልኩሽም?»

ይህን እያሉ ግን እጃቸውን ከመቀመጫቸው ሥር አውጥተው ነበር። ደም የሸሻቸውን፣ የደነዘዙትን ሁለት ሳንቃዎች አንዴ አጋጩዋቸው፤ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቀላል። የጥርስ ሐኪሙ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወንበር ላይ ቆመ። ሊቁ ሳክስፎኑን ታቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠና ውሃ ስጡኝ አለ።

ዕረፍት ላይ ሥራ አስኪያጁ መጣ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ዋስ ሆነው…»

«አዎ፣ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «በሩን አልርገጥ? በጄ። እሁድ እሁድ እተኛለሁ። ጃኬቱን ግን አንተ ትይዝልኛለህ።»

ሥራ አስኪያጁ ጃኬቱን አየ። ስፌቱንም አየ። ሐሳቡን ሳይጨርስ ሊቁ በመሃረብ አንገቱን እየጠረገ ከኋላው ብቅ አለ። ለእሷ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነፍሴን መለስሻት» አለ። ከዚያ ወደ ጋሽ ማርሽ ዞረ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንተ ሰው» አለ ሊቁ፣ ድምፁ ተዘግቶ። «ምን በደልኩህ?»

ያልጠየቀውን ሁሉ ሲያስረዱ የኖሩት ጋሽ ማርሽ፣ ፍሬን ያዙ፤ ቀኝ እግራቸው ብቻ መሬቱን ረገጠ።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስፈራራኝ» አለ ሊቁ። «አንተ ዝም ካልክ እኔ የት ልቁም?» ሥራ አስኪያጁንም ትከሻውን ይዞ «እሳቸው ካልገቡ እኔም አልገባም» አለው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

አልበሙ ወጣ። ያ ሶሎ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉውን ይዟል፤ የሚያውቁ ነን ባዮች «የትንፋሽ ተአምር» ይሉታል። ጋሽ ማርሽ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይሰማው አይወጣም። ጫፍ ላይ ሲደርስ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ዝም ያሰኛሉ። ጧ። «ይቺ እሷ ናት» ይላሉ፣ አገር እንደሰጧት አድርገው። «ትንሽ ቸኩላለች። እጇ ግን ንጹሕ ነው።» እሷ ከማድ ቤት «ቸኮልኩ አትበለኝ፣ ሰው ነው ያተረፍኩት!» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ ማርሽ ተማሪ ይዘው ወጥተው፣ እሷ ቤት ብቻዋን ነበረች። አቧራ ስትጠርግ ቆየችና፣ ማንም እንደሌለ አይታ፣ አልበሙን ከፈተችው። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ሊቁ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞሮ መጥቶ ፓርክ አደረገ፤ እውነትም ፓርክ ነው፣ አሁን ለየችው። ደግሞ ተነሣ። ደግሞ መጣ። ወደዚያች ወደ አራተኛዋ ዳገት ሲቃረብ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ጧ አለች፣ አልበሙ ውስጥ ያለችው ሴትዮ።

የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ቀኝ እግር ሳታዝዘው ምንጣፉን ረገጠ።

«ገና ነበር» አለች ለባዶው ቤት፤ ከመጀመሪያው ልትሰማውም መልሳ ከፈተችው።